ሐረጎን ለሚወርድ አሮጌ ሞተር፦ ፍሬኑን እቤት ማጠናከር

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመሐላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ጨርሶ የወረደ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል ማለት ነው። ሞተሩ፣ ሁለት ሰውና ትንሽ ዕቃ ተደምሮ 250 ኪሎ ቢመዝን፣ ይህ ቁልቁለት የሚያመነጨው ጉልበት 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ከፊሉን ንፋሱና ኢንጂኑ ይወስዱታል። የቀረው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። በአሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ የፊት ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ታምቡር ናት፤ ከጎማው ጋር የምትዞርና ሸራ የሚባለው ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዛት ክብ ብረት።

በእኛ አካባቢ ያሉት አሮጌ ሞተሮች የታወቁ ናቸው። ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ሱዙኪ ቲኤፍ። ብዙዎቹ በግብርናና በጤና ሥራ ገጠሩን ሲያካልሉ ኖረው በጨረታ የወጡ ናቸው። ባጃጅ ቦክሰሩም ቢሆን አሁን ዕድሜው ገፍቷል። ታዲያ አንድ ሰው «ፍሬኑ አልይዝ አለኝ» ሲል የሚሰጠው ምክር ያው ነው፤ «ዲስክ አስገጥምለት»።

እኔ መጀመሪያ እዚያ መሄድ አያስፈልግም ባይ ነኝ። አሮጌ ታምቡር የሚደክመው ታምቡር በመሆኑ ብቻ አይደለም። ከጣታችን እስከ ሸራው ድረስ ያለው መንገድ በየቦታው ስለላላ ነው። ካቦው ይለጠጣል፣ ሸራውን የሚገፋው ካም ይደርቃል፣ ሸራው ታምቡሩን በአንድ ጥግ ብቻ ይነካል፣ ሸራዎቹን የተሸከመው የታምቡሩ ክዳን መሐሉን ስቶ ይታሰራል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይሰርቃል። ሁሉም ሲስተካከል ያንኑ ፍሬን አታውቁትም። ወጪውም ከዲስኩ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ብዙውን ቦታ ለታምቡር እሰጣለሁ፤ ዲስክ ላላቸው ሞተሮች የሚሆነውንም ቀጥሎ አነሳለሁ።

ሳትፈቱ በፊት

አንድ ሰው የፊት ፍሬኑን አጥብቆ ይጨብጥላችሁ። እናንተ ከጎማው ጎን ቁጭ ብላችሁ ታች ካቦው የሚጎትተውን ክንድ ተመልከቱ። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሲይዝ ካቦውና ክንዱ 90 ዲግሪ ያህል ሊሠሩ ይገባል። ክንዱ ከዚያ አልፎ ከሄደ የምትጨብጡት ኃይል ከንቱ ይቀራል፤ ሸራውም አልቋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በየጋራዡ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሸራው ሲያልቅ ክንዱን ከካሙ ዘንግ ጥርስ ነቅለው አንድ ጥርስ ወደ ኋላ መልሰው ይገጥሙታል። ለጊዜው ፍሬኑ «መጣ» ይባላል። ነገር ግን የሸራውን ማለቅ የሚያሳየው ምልክት ትርጉም ያጣል። ካሙም ከመጠን በላይ ሊዞርና ተገልብጦ ሊቀር ይችላል። ያኔ ፍሬኑ ወይ ጭራሽ አይለቅም ወይ ጭራሽ አይዝም። ሞተራችሁን ከሌላ ሰው ከገዛችሁ ይህ ተደርጎ እንደሆነ ፈትሹ። ብዙ ሞተር ላይ ክንዱና የካሙ ዘንግ ላይ ነጥብ ተመትቷል። ሁለቱ ነጥቦች መገጣጠም አለባቸው።

ከዚያ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ሞክሩ። መጨበጫው እየተንቀጠቀጠ የሚመታ ከሆነ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል። የሚጮህ ከሆነ አቧራ ወይም የሸራ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። መጨበጫው እስከ መሪው ድረስ የሚመጣ ከሆነ ወይ ማስተካከያው ወይ ካቦው ወይ ሸራው ነው።

ለሥራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ቺያቬ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ካሊብሮ (ውፍረትና ስፋት መለኪያ)፣ 80 እና 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ጠመኔ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ፣ የአፍ መሸፈኛ። ለማጽዳት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ሳሙናና ውሃ ይበቃል። ናፍጣ ፈጽሞ አታስጠጉ። ቤንዚንም ቢሆን፣ በተለይ ዘይት የተቀላቀለበት የሁለት ምት ሞተር ቤንዚን፣ ቅባት ትቶ ይሄዳል።

ጎማውን ማውጣትና ውስጡን ማየት

ከኢንጂኑ ሥር ጠንካራ እንጨት ወይም ሳጥን አስገብታችሁ የፊት ጎማው መሬት እንዲለቅ አድርጉ። ሞተሩን ወዝወዝ አድርጋችሁ የማይወድቅ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። የፍሬኑን ካቦ አላልታችሁ አውጡ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ካቦም ካለ እንዲሁ። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካውን ሽቦ) ነቅላችሁ፣ ዳዶውን ፈትታችሁ ፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ሳቡ። ሮንዴላና ቦኮላ (ዘንጉ ላይ የሚገቡት ቀለበትና አጭር ቱቦ) በየትኛው በኩል እንደነበሩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትገጥሙ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ክዳኑ ሲወጣ አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም አታርግፉ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ የተባለ ጎጂ ማዕድን ሊኖርባቸው ይችላል፤ ያ አቧራ ሳንባ ገብቶ አይወጣም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉ። ልጆች በአካባቢው አይኑሩ።

አሁን ታምቡሩን እዩ። ብዙዎቹ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ ስፋት ተቀርጿል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ 1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ነው። 110 ከነበረ 111፣ 130 ከነበረ 131 ማለት ነው። በካሊብሮ በሦስት አቅጣጫ ለኩ። ሦስቱ ልኮች ከተለያዩ ታምቡሩ ሞላላ ሆኗል። ጣታችሁን ውስጡ ላይ አንሸራትቱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ብረት እያዞሩ ወደሚቆርጡበት ቶርኖ ቤት መውሰድ ነው።

ቶርኖ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ራጂ ያለው ቸርኬ ከሆነ መጀመሪያ ራጂዎቹ ይጥበቁ፣ ቸርኬው ይስተካከል። ራጂ ሲጠብቅ ታምቡሩን ወደየአቅጣጫው ይጎትተዋል፤ ክብነቱም ይለወጣል። ቀድሞ ተቆርጦ በኋላ ራጂ ቢጠብቅ ሥራው ተመልሶ ይበላሻል። ለቶርነኛውም የሚፈቀደውን ልክ ንገሩት። ከልኩ ካለፈ ታምቡሩ ይቀየራል እንጂ አይቆረጥም። የተሰነጠቀም እንዲሁ፤ ብየዳ አይታሰብም።

እግረ መንገዳችሁን ጎማው ፔርኖው ላይ የሚዞርበትን ኩሽኔታ በጣት አዙሩት። ከሻከረ ወይም ከተንገዳገደ ቀይሩት። የተንገዳገደ ኩሽኔታ ላይ የተሠራ ፍሬን መሐሉን አይዝም።

ሸራና ካም

ሁለቱን ሸራዎች ከነሞላቸው ወደ ላይ ስታጥፏቸው ከክዳኑ ይወጣሉ። ሞላው ጠንካራ ነው፤ ዓይናችሁን ጠብቁ። የሞላው ቀለበቶች ተለያይተው በመሐላቸው ብርሃን ከታየ ደክሟል፤ ከሸራው ጋር አብሮ ይቀየር። የደከመ ሞላ ሸራውን አይመልስም። ሸራው ታምቡሩን እየላሰ ይኖርና ሐረጎ ግማሽ ላይ ሳትደርሱ ፍሬኑ ይግላል።

የሸራው ውፍረት ሲጀምር 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር ዕድሜው አልቋል። ዘይት ወይም ግሪስ የነካው ሸራ ግን ውፍረት ቢኖረውም አይድንም። እሳት ላይ አግለው «ዘይቱ ወጣ» የሚሉ አሉ፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል፣ ማጣበቂያውም ይላላል። ዘይቱ ከየት እንደመጣም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ግሪስ እንዳይወጣ የሚከለክለው የኩሽኔታው ጎሚኒ ነው።

አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ። ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን መስመር ዙሪያውን እዩ። ክፍተት፣ አረፋ ወይም ስንጥቅ ካለ መልሱት። አንዳንዱ ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመውበታል። የመያዝ ኃይሉን ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው ፊደል መካከለኛ ሙቀት ላይ፣ ሁለተኛው ሲግል። ኢ ደካማው ነው፣ ኤፍ መካከለኛ፣ ጂ ከዚያ በላይ። ለእኛ መንገድ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ፊደል ይጠቅማል። «ጂ ኢ» የተጻፈበት ሸራ ከተማ ውስጥ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጥሩ ይይዝና ቁልቁለት ላይ ሲግል ይከዳል። «ኤፍ ኤፍ» ካገኛችሁ ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

ካሙ ሸራዎቹን የሚከፍተው ጠፍጣፋ ብረት ነው። አውጡት። ብዙ ዓመት ያልተነካ ከሆነ ግሪሱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ግማሹ የጨበጣችሁት ኃይል እዚህ ይቀራል። በብርጭቆ ወረቀት ለስላሳ እስኪሆን አጽዱት። ዘንጉ ላይና ሸራው በሚነካበት ቦታ ላይ ስስ ግሪስ ቀቡ። ስስ ያልኩት ከልቤ ነው፤ የተረፈው ሲግል ቀልጦ ሸራው ላይ ይፈስሳል። መልሳችሁ ስትከቱት በጣት ብቻ መዞር አለበት። ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ የሚንገዳገድ ከሆነ ቶርነኛው የነሐስ ቦኮላ ይሠራለታል።

ጠመኔው

አብዛኛው ሰው አዲስ ሸራ ገጥሞ «በቃ» ይላል። እኔ ግን ትልቁ ለውጥ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው እላለሁ።

የተበላ ታምቡር ከአዲሱ ሰፋ ይላል። አዲሱ ሸራ ግን የተሠራው ለአዲስ ታምቡር ልክ ነው። ስለዚህ የሸራው ቅርጽ ከታምቡሩ ይጠባል፤ የሚነካውም መሐሉ ላይ ብቻ ይሆናል። ጣት ስፋት ያህል ቦታ ብቻ ሞተሩን ሊያቆም ይታገላል ማለት ነው።

የታምቡሩን ውስጥ ዙሪያውን ጠመኔ ቀቡ። ሸራዎቹን ክዳኑ ላይ ገጥማችሁ፣ ጎማው ውስጥ ከታችሁ፣ ፔርኖውን አሳልፉ። ክንዱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትታችሁ ጎማውን አንድ ሁለት ጊዜ አዙሩት። ከዚያ ክዳኑን አውጡ። ሸራው ላይ ነጭ የሆነው ቦታ ታምቡሩን የነካ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የቀረው አልነካም። ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ አንድ ጠባብ ነጭ መስመር ታያላችሁ።

ነጩን ብቻ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉት፤ የአፍ መሸፈኛ ሳይረሳ፣ ደጅ ላይ። ጠመኔውን አጽዱ፣ እንደገና ቀቡ፣ እንደገና ሞክሩ። ነጩ ቦታ እየሰፋ ይመጣል። ከሸራው 70 ወይም 80 በመቶ ያህሉ ነጭ ሲሆን ይበቃል፤ የቀረውን መንገዱ ይጨርሰዋል። ትዕግሥት ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ሊወስድባችሁ ይችላል። አትቸኩሉ፤ የተፈገፈገ ሸራ ተመልሶ አይበቅልም። ሲያልቅ ጠመኔውን ከታምቡሩ ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ።

የሁለቱንም ሸራ ጫፍና ጫፍ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሰያፍ አድርጋችሁ ሞርዱት። ስለታም ጠርዝ ታምቡሩን እየነከሰ ይጮሃል፤ በእርጥብ መንገድ ላይም ጎማውን ድንገት ሊቆልፍ ይችላል። በክረምት ደሴ ጉም ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መግጠምና መሐሉን ማስያዝ

ጎማውን ስትመልሱ አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ተጠንቀቁ። ክዳኑ ላይ አንድ ጎድጓዳ መስመር አለ፤ የፊት ጎማውን የያዘው ፎርኬላ ላይ ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚገባ ጉጥ። ጉጡ መስመሩ ውስጥ ካልገባ ፍሬን በያዛችሁበት ቅጽበት ክዳኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ካቦውን ይበጥሳል፣ ጎማው ይቆለፋል። ሰው የሚሞትበት ስህተት ነው። ዓይናችሁን አቅርባችሁ እዩት፤ በጣታችሁ ንኩት። ሌላ ሰውም ጠርታችሁ አሳዩት። አንዳንድ ሞተር ላይ በጉጡ ፈንታ ክዳኑን ከፎርኬላው የሚያይዝ ዘንግ አለ። ቡሎኑና ኮፒሊያው በቦታቸው ይሁኑ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የፔርኖውን ዳዶ በእጅ ብቻ አስጠጉት፣ አታጥብቁት። ካቦውን አያይዙ። ጎማውን በኃይል አሽከርክሩትና የፊት ፍሬኑን ጭብጥ አድርጋችሁ ያዙ። ሸራዎቹ ታምቡሩን ሲይዙ ክዳኑን ራሳቸው ወደ መሐል ይስቡታል። አትልቀቁት፤ ጨብጣችሁ እንደያዛችሁ ሌላ ሰው ዳዶውን ያጥብቅ። አሁን ክዳኑ መሐል ላይ ሆኖ ታስሯል፤ ሁለቱም ሸራዎች እኩል ይነካሉ። መጨበጫው ቀድሞ ከነበረው ጠንከር ብሎ ታገኙታላችሁ። ጎማ በተፈታ ቁጥር፣ ጎሚስታ ቤት ፓንክ ተሠርቶም ቢሆን፣ ይህን ድገሙት።

ካቦው

አሮጌ ካቦ አታስታምሙ። ከመጨበጫው ጋር የሚያያዝበት እርሳስ አጠገብ ያለውን ሽቦ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ይቀየር። የብስክሌት ካቦ አትሞክሩ፤ ቀጭን ነው፣ ይለጠጣል። የሚገባው የራሱ የሞተሩ ልክ ነው። ከረዘመ ይጠማዘዛል፣ ካጠረ መሪው ሲዞር ራሱ ፍሬን ይይዛል።

አዲሱን ካቦ ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ሌሊት ዘይት አጠጡት። የፌስታል ጥግ ቆርጣችሁ የካቦውን ጫፍ አስገቡበት፣ በላስቲክ እሰሩት፣ ቀጭን ዘይት አፍስሱና ምስማር ላይ ስቀሉት። በታችኛው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ደርሷል። ውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠ ዓይነት ከሆነ ግን ይህ አያስፈልገውም፤ ግሪስም አይወድም።

መጨበጫው የሚዞርበትን ቡሎን አጽድታችሁ ግሪስ ንኩት። ቀዳዳው ሰፍቶ መጨበጫው ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ከሆነ ይቀየር። ካቦው ሲገጠም መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ዳር አዙሩ፤ የትም መሳብ ወይም መታጠፍ የለበትም። ማስተካከያውን መጨበጫው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ እንዲሄድ አድርጉት። ከዚያ ጎማውን አዙሩና ጆሯችሁን አስጠጉ። ሸራ የሚልስ ድምፅ ያለማቋረጥ ከተሰማ ትንሽ አላሉት።

የኋላ ፍሬንም ሥራው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ፔዳሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ባዶ መሄዱ ነው። ክዳኑን የሚይዘው ዘንግ ላይ ኮፒሊያ መኖሩን ሳታዩ አትነሱ። ግን የማቆሚያው ኃይል አብዛኛው የፊቱ መሆኑን አትርሱ። «የፊት ፍሬን ይጥላል» ብለው በኋላው ብቻ የሚወርዱ ብዙ ናቸው። የሚጥለው ድንገት የተያዘ ፍሬን ነው፤ እየጨመረ በልኩ የተጨበጠ የፊት ፍሬን ግን ያቆማል።

ዲስክ ላለው ሞተር

እንደ ፑልሳርና አፓቺ ያሉት ከፊት ዲስክ አላቸው። አሮጌ ሲሆኑ ችግራቸው ሌላ ነው፤ ፈሳሹና ቱቦው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። መጨበጫው ባዶ ሆኖ መሪው ላይ ይመጣል፤ ይህም የሚሆነው ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ሲግል ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ተጠቀሙ። ዶት 5 የተባለው ከሲሊኮን የተሠራ ነው፤ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ተከፍቶ ወራት የቆየ ቆርቆሮም አትግዙ።

የጎማ ቱቦ ዕድሜው ሲገፋ ስትጨብጡት ያብጣል። አምራቾች በ4 ዓመት እንዲቀየር ይመክራሉ። ከውጭ በብረት ክር የተጠለፈ ቱቦ ካገኛችሁ ልዩነቱን በጣታችሁ ታውቁታላችሁ፤ አያብጥም። ካልተገኘም አዲስ የጎማ ቱቦ ከአሮጌው በብዙ ይሻላል። ስትቀይሩ የመዳብ ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ ቡሎን ሁለት ሁለት። ቡሎኑ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ በኃይል ከጠበቀ ይቆረጣል፤ 25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል።

ዲስኩን በሸራ የሚጨብጠውን ካሊፐር አውርዳችሁ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አጽዱና ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ቀቡ። ፒኑ ከደረቀ አንዱ ሸራ ብቻ ያልቃል። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ትንሹን ውፍረት አንብባችሁ በካሊብሮ አመሳክሩ።

አየር ማስወጣቱ እንዲህ ነው። መሪው ላይ ያለውን የፍሬን ዘይት ፓምፕ ክዳን ክፈቱ፣ አዲስ ዘይት ሙሉ። ማስተንፈሻው ቡሎን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ሌላ ጫፉን ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። መጨበጫውን ቀስ ብላችሁ ጨብጡና ያዙ። ቡሎኑን ሩብ ዙር ክፈቱ፤ አረፋና ዘይት ይወጣል። ዝጉት፤ ከዘጋችሁ በኋላ ብቻ መጨበጫውን ልቀቁ። አረፋ እስኪጠፋ፣ የሚወጣው ዘይት ንጹሕ እስኪሆን ቀጥሉ። ከላይ ያለው ዘይት ፈጽሞ አይለቅ፤ ካለቀ አየር ይገባና ከመጀመሪያው ነው።

አሁንም መጨበጫው ለስለስ ካለ ክዳኑን ዝጉ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጣችሁ መጨበጫውን ከመሪው ጋር ጠፍራችሁ አሳድሩት። የቀሩት ጥቃቅን አረፋዎች ሌሊቱን ወደ ላይ ይወጣሉ። ዘይቱ ቀለም ይበላል። ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት። ሸራው ላይ ከነካ ግን ሸራው ይቀየር።

ታምቡሩን ወደ ዲስክ ስለመቀየር

ይቻላል። በአንድ መንገድ ግን ብቻ፤ የአንዱን ሞተር ሙሉ የፊት ክፍል ማምጣት። ፎርኬላ፣ ጎማ፣ ዲስክ፣ ካሊፐር፣ ፓምፕ፣ ሁሉም ከአንድ ሞተር የወጡና እርስ በርስ የሚተዋወቁ። የፓምፑና የካሊፐሩ ፒስተን ስፋት ካልተጣጣመ ወይ መጨበጫው ድንጋይ ይሆናል ወይ እስከ መሪው ይመጣል። ፎርኬላው ላይ ብረት በይዶ ካሊፐር ማንጠልጠል ግን በምንም ዋጋ አይደረግ። ብየዳው ፎርኬላውን ያደክመዋል፤ ካሊፐሩ ተነቅሎ ራጂ ውስጥ ከገባ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ ፎርኬላ መሪው ላይ በትክክል መቀመጡን የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎማው ራሱ ካረጀ ይህ ሁሉ ልፋት መሬት ላይ አይደርስም። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ 2319 ማለት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ይቀየር።

ማላመድና መውረድ

አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ኮምቦልቻ በኩል ያለውን ሜዳ ምረጡ፤ ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ። ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ያህል በመጠኑ እየያዛችሁ አውርዱ፤ ከዚያ ሳትይዙ ጥቂት ነድታችሁ አቀዝቅዙት። ይህን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ድገሙት። እንደጋለ ፍሬኑን ጨብጣችሁ አትቁሙ። የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትሮች በየዋህነት ንዱ፤ እስከዚያ ሐረጎን ሰው ጭናችሁ አትውረዱ።

ስትወርዱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሁኑ። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ኢንጂኑ ሊሸከም የሚገባውን ሁሉ ለፍሬኑ ማሸከም ነው። ፍሬኑን ሙሉ ቁልቁለቱን ነክታችሁ አትያዙ፤ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ። ኤጂ 100ና ሌሎች የሁለት ምት ሞተሮች ያላችሁ ደግሞ ጋዝ ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወረድ ለፒስተኑ የሚደርሰው ዘይት እንደሚቀንስ እወቁ። አለፍ አለፍ እያላችሁ ጋዙን ንካ አድርጉት። ውሃ ያቋረጠ ታምቡርም ወዲያው አይዝም፤ ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁት።

ኮምቦልቻ ስትደርሱ ቁሙና መዳፋችሁን ወደ ታምቡሩ አስጠጉ፤ አትንኩት። ሜዳው ላይ ብዙ ከነዳችሁ በኋላም ያው ትኩስ ከሆነ ሸራው እየላሰ ነው፤ ማስተካከያው ትንሽ ይላላ። የፔርኖውን ዳዶ፣ ኮፒሊያውንና ጉጡን ተመልከቱ። አዲስ ካቦ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል፣ አዲስ ሸራም ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይበላል። ስለዚህ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ላይ እንደገና አስተካክሉት፤ የክንዱንና የካቦውንም 90 ዲግሪ ያኔ አብራችሁ እዩት።